ወንዙን ከመዳብ፣ ፋብሪካውን ከመዘጋት ያዳኑት የወይዘሮ ገበያነሽ አግማስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ገበያነሽ አግማስ ከአባታቸው ከአቶ አግማስ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች እንድሪስ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በኩታበር ከተማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአምስት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። አባታቸው በኩታበር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ስለነበሩ ወይዘሮ ገበያነሽ ማንበብ የለመዱት ከደብተር እኩል በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ነው። የአባታቸው ዓይን ደከም እያለ ሲመጣ የጠርሙሱን ጽሑፍ እያነበቡ የሚያቀብሏቸው እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ አሳስተው ቢያቀብሉ፣ አባታቸው ሳይቆጡ ሁለቱንም ከፍተው ተራ በተራ አስሸተቷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳያረጋግጡ ለሰው ያቀበሉት ነገር የለም።

ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኩታበር ተምረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ደሴ ሲገቡ ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነበር። ያን ዓመት የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወይዘሮ ገበያነሽ በአክስታቸው ቤት ተቀምጠው የዘጠነኛ ክፍል ትምህርታቸውን ሲከታተሉ ታናሽ እህታቸው ዓለምነሽ በተቅማጥ በሽታ አረፈች። የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የገደላትም የተበከለ ውኃ ነው። ስለ ውኃ ሲነሳ የገበያነሽ ድምፅ የሚለወጠው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መሆኑን ነፍሳቸውን ይማርና እናታቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው ወደ መምህራን ኮሌጅ ገቡ፤ በኬሚስትሪ ትምህርትም በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1983 ዓ.ም. በወረባቦ ወረዳ ቢስቲማ ከተማ ተመድበው ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። የጽጌረዳ አበባ ቀቅለው ውኃውን በብርጭቆ እየቀዱ፣ በአንዱ ሎሚ፣ በአንዱ አመድ ጨምረው፣ ቀለሙ ሲለዋወጥ ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው እንዲያዩ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ከመካከላችን የተገኙት በርካታ የቢስቲማ ልጆች አሲድ ምን እንደሆነ የተማሩት በዚያ ብርጭቆ ነው። በኋላም በክረምት መርሐ ግብር ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል።

ከቢስቲማ ወደ ደሴ ሲመላለሱ አቶ ወንድምአገኘሁ እሸቴ ከሚባሉ የሚኒባስ ሾፌር ጋር ተዋወቁ። አቶ ወንድምአገኘሁ እንደሚሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጋቢናዋን መቀመጫ «ተይዟል» እያሉ ስንቱን ተሳፋሪ ወደ ኋላ ልከዋል። መምህርቷ ግን ለሰባት ወር ያህል ወንበሩ በአጋጣሚ ባዶ የሆነ ይመስላቸው ነበር። በጥር ወር 1988 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በትዳራቸው ወንጌላዊትን እና ምንተስኖትን አፍርተዋል። በ1992 ዓ.ም. ወደ ደሴ ተዛውረው ኑሯቸውን በቧንቧ ውኃ ሰፈር አደረጉ።

በ2004 ዓ.ም. በቤታቸው ላይ ከባድ ነገር ደረሰ። አቶ ወንድምአገኘሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን የከዳው የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቷቸው በግራ እግራቸው ላይ ጽኑ ጉዳት ደረሰባቸው፤ መሪ መጨበጥም በዚያው አበቃ። ወይዘሮ ገበያነሽ ባላቸውን እያስታመሙ፣ ልጆቻቸውን እያስተማሩ ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ የሚወዱትን የማስተማር ሥራ ትተው በ2006 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ባለቤታቸው የተጎዱበትን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ለአሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሲወርዱትና ሲወጡት አንድም ቀን ሲያማርሩ አልተሰማም።

ፋብሪካው የሚያመርተው በየሬዲዮው፣ በየመብራት ቆጣሪው ሆድ ውስጥ የምትገኘውን አረንጓዴ ቦርድ ነው። ቦርዷ መዳብ የምትለብሰው በመዳብ ውሕድ ገንዳ ውስጥ ተነክራ ነው፤ ስትወጣም በውኃ ትታጠባለች። የታጠበችበት ውኃ ኖራ ወደሚጨመርበት ትንሽ ማጣሪያ ኩሬ ይገባና ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ወራጅ ወንዝ ይለቀቃል። የወይዘሮ ገበያነሽ ሥራ የገንዳዎቹን ይዘት መለካት፣ ጉድለቱንም ማስሞላት ነበር። ሠራተኞቹ «ቲቸር» ይሏቸው ነበር። የፈረቃዋ አለቃ ወይዘሮ ፈትሂያ የቢስቲማ ተማሪያቸው ስለነበረች ስሙን ያመጣችው እሷ ናት።

በሚያዝያ ወር 2009 ዓ.ም. አቶ ዘይኑልአቢዲን ሙሄ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ እቅፍ የጠወለገ የሽንኩርት ችግኝ ይዘው ወደ ፋብሪካው በር መጡ። ማሳቸው ከፋብሪካው በታች፣ በወንዙ ዳር ነው። ጥበቃው አላስገባም ሲላቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ወሬውን ሰምተው ወጡ።

«ልጄ፣ ውኃ የምትመረምሪው አንች ነሽ አሉኝ» አሏቸው ሽማግሌው። «ወላሂ ለጠብ አልመጣሁም። ይኸን እዪልኝ ብየ ነው። ሁለት ዓመት ዘራሁ፣ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነብኝ። ዘንድሮ ደግሞ ጥጃዋ ሞተችብኝ።»

«አባቴ፣ ይህን ውኃ ከየት ላይ ነው የቀዱት?»

«ከናንተው ቱቦ ሥር።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ጀሪካኑን ተቀብለው ወደ ላቦራቶሪ ገቡ። በውኃው ውስጥ የተገኘው መዳብ ከተፈቀደው መጠን አሥራ አራት እጥፍ ነበር። ያን ማታ ቤታቸው ገብተው እራት አልበሉም። አቶ ወንድምአገኘሁ ምን ሆነሽ ነው ቢሏቸው፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዳ ስለካ ኖሬ ቱቦው የት እንደሚወድቅ አንድ ቀን ወርጄ አላየሁም» አሉ። ይህን ጸጸት እስከ መጨረሻው ከልባቸው አላወጡትም። ሰው ሲያመሰግናቸው ወሬውን ሁልጊዜ ከዚያ የሚጀምሩት ስለዚህ ነው፤ እኛም በዚሁ ጽሑፍ ሳናነሳው ብናልፍ ደስ አይላቸውም ነበር።

ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደርሶ ፋብሪካው ውኃውን በዘጠና ቀን ውስጥ እንዲያስተካክል፣ ካልሆነ የመንከሪያ ክፍሉ እንዲዘጋ ታዘዘ። ዘመናዊ ማጣሪያ ከውጭ ይምጣ ቢባል የውጭ ምንዛሬው ብቻ ከዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ሆነ። መንከሪያው ከቆመ ደግሞ የአንድ መቶ አርባ ሠራተኛ እንጀራ ይቆማል፤ የወይዘሮ ገበያነሽም ጭምር። በዚህ ጭንቀት መካከል ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀፊዝ ቢሯቸው አስጠሯቸው።

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚላከውን ናሙና ጠዋት የማምረቻው መስመር ሥራ ሳይጀምር ይውሰዱት» አሏቸው። «ውሸት ይጻፉ አላልኩም። ሰዓቱን ብቻ ነው ያልኩት።»

«ሰዓቱ ነው እኮ ውሸቱ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

«ታዲያ ይዘጋ ነው የሚሉኝ? እነዚህን ሁሉ ልጆች የት ላድርጋቸው?»

«አይዘጋም። ግን እኔ በዚህ ወረቀት ላይ አልፈርምም። የማጣሪያውን ነገር ይተዉትና መዳቡ መጀመሪያ ወደ ቱቦው ለምን እንደሚሄድ እንይ። ለምደነው ነው እንጂ የምንደፋው እኮ ገዝተን ያመጣነውን ነው።»

አቶ ሀፊዝ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ይህን ቃል የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ እንዲጻፍም ፈቅደዋል። ያን ዕለት በጣም ተቆጥተው እንደነበር፣ ነገር ግን «ገዝተን ያመጣነውን» የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስላቸው አድሮ ጠዋት እንደፈቀዱላቸው አልሸሸጉንም።

ወይዘሮ ገበያነሽ አራት ቀን ሙሉ ወንበር አስመጥተው ከመንከሪያው ገንዳ አጠገብ ተቀመጡ። የእጅ ሰዓታቸውንና አንድ የፕላስቲክ ሳህን ይዘው ነበር። ያዩት ነገር ለማየት የሚከብድ አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ቁጭ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። በመስቀያ የተንጠለጠሉት ቦርዶች ከመዳብ ገንዳው ከወጡ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ውኃው ላይ ይደርሳሉ። ላያቸው ላይ የቀረው ሰማያዊ ፈሳሽ ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። ማጠቢያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ የሚውል ቧንቧ ነው። ቦርዶቹን ከገንዳው በላይ ሃያ ሰከንድ አንጠልጥለው ሳህኑን ከሥር ቢይዙ፣ ወደ ወንዙ ይሄድ ከነበረው ፈሳሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳህናቸው ላይ ቀረ።

ይህን ለሠራተኞቹ ሲያስረዱ መጀመሪያ የተቃወመቻቸው ወይዘሮ ፈትሂያ ነበረች። «ቲቸር፣ ሃያ ሰከንድ በየመስቀያው ሲጠበቅ በቀን ስንት ቦርድ እንደሚጎድል አስበውታል? ቦነስ የሚታሰብልን በቁጥር ነው። የኔ ልጆች የሚማሩት በቦነሱ ነው» አለች። ወይዘሮ ገበያነሽ ነገሩን አላሰቡበትም ነበርና ጉባኤው ላይ «እውነትሽን ነው፤ ጊዜ ስጪኝ» ብለው ተቀመጡ።

መላውን ያመጡት ባለቤታቸው ናቸው። አቶ ወንድምአገኘሁ ከአደጋው በኋላ ቤት መዋል እጅግ የከበዳቸው ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ገበያነሽ ችግሩን ሲነግሯቸው «አንዱ ሲንጠባጠብ ሌላው እንዲነከር አድርጊው እንጂ፤ መናኸሪያ እኮ አንድ መኪና እስኪሞላ ሌላው ቆሞ አይጠብቅም» አሏቸው። በክራንቻቸው ኮምቦልቻ ወርደው ከአንድ በያጅ ጋር ተቀምጠው አምስት መስቀያ ጎን ለጎን የሚያንጠለጥል አግዳሚ ብረት ከገንዳው በላይ አሠሩ። ሥራው ሳይቆም አምስቱ በየተራ ይንጠባጠባሉ።

መጀመሪያ ግን አልተሳካም። ብረቱ የለበሰው ፕላስቲክ በስድስተኛው ቀን ተሰነጠቀና ዝገቱ ወደ ገንዳው ወረደ። አንድ ገንዳ ሙሉ የመዳብ ውሕድ ተበላሸ፤ ሥራው ለሁለት ቀን ቆመ። ከተሰጠው ዘጠና ቀን ሠላሳ አንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሠራተኛው በተሰበሰበበት አቶ ሀፊዝ «ይህን ማን ነው ያደረገው?» ብለው ሲጮኹ፣ በያጁም ፈትሂያም አንገታቸውን ሲደፉ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ከመካከል ወጥተው «እኔ ነኝ። ብረቱን ሳልፈትሽ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። ደመወዜን ቁረጡ፤ ሥራውን ግን አታቋርጡት» አሉ። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ፈትሂያ «እኔም አብሬያት ነበርኩ» ብላ አጠገባቸው የቆመችው። ከአፏ ያልተለየው «ቲቸር» እንኳ በዚያ ድንጋጤ ተረስቷት ነበር።

ሁለተኛው አግዳሚ ከወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ተሠራ፤ ያም እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። ቀጥሎ የተከፈተውን ቧንቧ ዘግተው በምትኩ ሦስት ማጠቢያ ገንዳ በተርታ አስቀመጡ። ንጹሕ ውኃ የሚገባው በመጨረሻው ገንዳ ነው፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛውም ወደ መጀመሪያው ይፈስሳል። ቦርዶቹ ወደፊት ሲሄዱ ውኃው ወደ ኋላ ይመጣል ማለት ነው። መጀመሪያው ገንዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ሰማያዊ ውኃም አይደፋም፤ የመዳቡ ገንዳ ሲጎድል መልሶ ይሞላበታል። ወደ ኩሬው የሚሄደው ጥቂት ነገር ብቻ ስለሆነ ያቺው አሮጌ ኩሬ በቃችው።

በሰማንያ አራተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ራሳቸው መጡ። መስመሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ፣ በቀትር፣ ከቱቦው ሥር ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ከተፈቀደው በታች ሆኖ ተገኘ። ሠራተኛው እልል ሲል ወይዘሮ ገበያነሽ ወደ ላቦራቶሪያቸው ገብተው በሩን ዘግተው አለቀሱ።

በዓመቱ ሲታይ ፋብሪካው ይጠቀምበት የነበረው ውኃ ከግማሽ በላይ፣ የሚገዛው የመዳብ ውሕድ ደግሞ በሲሶ ያህል ቀንሶ ነበር። ማሽን ሳይገዛ፣ ሰው ሳይባረር የመጣ ለውጥ ነው። የፋብሪካው ባለቤት «ምን እንሸልምዎት?» ሲሏቸው የጠየቁት ለራሳቸው አልነበረም። በአቶ ዘይኑልአቢዲን ማሳ ላይ ወደ ወንዙ የቀረበው መደብ አፈሩ ተመርዞ አላበቅል ብሎ ነበርና አፈሩ ተነስቶ በሌላ አፈር እንዲተካ ለመኑ። የፋብሪካው መኪና ለአንድ ሳምንት ሲመላለስ ሰነበተ። ከመደቡ ግማሹ ዳነ። ግማሹ እስከ ዛሬ አልዳነም፤ ወይዘሮ ገበያነሽም በዚያ ሲያልፉ ወደዚያ ወገን ማየት አይወዱም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አቶ ዘይኑልአቢዲን አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ይዘው ወደዚያው በር መጡ። በዚህ ጊዜ ጥበቃው ከበሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ አመስግነው ተቀበሉና ሽንኩርቱን ወደ ላቦራቶሪ ይዘው ገቡ። ሽማግሌው «እንዴ! መርዝ አመጣሁባት እንዴ?» ብለው ሲስቁ፣ «አባቴ፣ ልጆቼ ከመብላታቸው በፊት የእርስዎ ልጆች የሚበሉትን ልወቅ ብዬ ነው» አሏቸው። ሽንኩርቱ ደኅና ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ ለዒድም ለፋሲካም ተጠያይቀው ኖረዋል።

በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ወቅት ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ተዘረፈ። ወይዘሮ ገበያነሽ ከቤተሰባቸው ጋር ከደሴ ሳይወጡ ያን ክፉ ወር አሳለፉ። በታኅሣሥ ወር መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ሲያዩ፣ ከሌላው ጥፋት ሁሉ ይልቅ ያስደነገጣቸው የበርሜሎቹ ባዶ ቦታ ነበር። አሲድና የመዳብ ማሟሚያ የተቀመጠባቸው ስልሳ አራት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ተወስደዋል። ቧንቧው ቆሞ ነበርና ሰው ውኃ የሚያጠራቅምበት ዕቃ ይፈልግ ነበር። በርሜሎቹ የት እንደሄዱ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም፤ ፋብሪካውም ነገ ይከፈት አይከፈት አይታወቅም ነበር። ቢሆንም ወይዘሮ ገበያነሽና ወይዘሮ ፈትሂያ ለሃያ ሦስት ቀን በኮምቦልቻ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ዞሩ። «ዕቃችንን መልሱ» አላሉም፤ የቀማም የለቀመም ሰው እንዳይፈራ፣ ስም እንደማይጻፍ አስቀድመው ነገሩ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢማሙ ከጁምዓ በኋላ አስነገሩላቸው። የሰፈሩ ቅሬዎች፣ ማለትም እድሮቹ፣ ከአባሎቻቸው ንጹሕ ጀሪካን እየሰበሰቡ በበርሜሉ ምትክ የሚሰጥ ነገር አቀረቡላቸው።

አንዲት እናት ግን እንቢ አሏቸው። «ሦስቴ በኦሞ አጥቤዋለሁ፤ ምን ይሆናል? በዚህ ላይ ከልጆቼ ጋር ውኃ የምጠጣበት ሌላ ዕቃ የለኝም» አሉ። ወይዘሮ ገበያነሽ አልተከራከሩም። ከቦርሳቸው የመዳብ መመርመሪያ ጠብታ አውጥተው ከበርሜሉ ውኃ በብርጭቆ ቀድተው ጨመሩበት። ውኃው በሴትዮዋ ዓይን ፊት ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ትኩር ብለው አይተው «የትንሿ ልጄ ሆድ እኮ ሦስት ቀኗ ነው» አሉና ተንሰፈሰፉ። ልጅቷን በዚያው ሰዓት በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሷት ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። ስሟ ኢስራ ይባላል። ድናለች፤ አሁን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ከስልሳ አራቱ በርሜሎች ስልሳ ሁለቱ ተገኙ። የሁለቱን ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይጠይቁ ነበር።

ፋብሪካው በ2015 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ሲጀምር ወይዘሮ ገበያነሽ የሠሩትን ሁሉ በአማርኛ በእጃቸው ጽፈው፣ ሥዕሉን ምንተስኖት ሥሎላቸው፣ አርባ ገጽ ያለው መመሪያ አዘጋጁ። ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚመጡ ሠራተኞችን በእሱ ያስተምሩ ነበር። ከየፋብሪካው የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ቱቧችሁ የት እንደሚወድቅ ወርደህ አይተሃል?» አላየሁም ያለውን ሄደህ አይተህ ተመለስ ብለው ይልኩት ነበር። ዛሬ በሦስት ፋብሪካዎች ቦርድና ብረት የሚታጠበው እሳቸው ባስተማሩት መንገድ ነው።

ወይዘሮ ገበያነሽ በባሕርያቸው ቀጥተኛ፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ከዚያም ቶሎ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ወጥ ሲሠሩ ጨው በማንኪያ ሳይለኩ አይጨምሩም፤ ቤተሰቡ ይህን ሲያነሳባቸው ይስቁ ነበር። በሚኒባስ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ በመስኮት የሚወረውር ሰው ካዩ መኪናውን አስቁመው ያስለቅሙት ነበር። ይህን ልማዳቸውን የማይወዱ የሐረጎ ሾፌሮች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ ሰልፍ ሠርተው አስከሬናቸውን አጅበዋል።

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. በሆዳቸው ላይ በተሰማቸው ሕመም ምክንያት በደሴና በአዲስ አበባ ሲመረመሩ የቆሽት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አድርገውላቸዋል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። የላቦራቶሪ ሰው ስለነበሩ የራሳቸውን ውጤት ራሳቸው አንብበው ለልጆቻቸው አስረዱ። ወንጌላዊት ነርስ ስለሆነች ከእናቷ አልጋ አልተለየችም። ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን የፋብሪካው ሠራተኞች ፈረቃቸውን ተቀያይረው በአንድ አውቶቡስ ሊጠይቋቸው መጡ። ወይዘሮ ገበያነሽ አንድ በአንድ አይተዋቸው «ሁላችሁም እዚህ ከሆናችሁ የዛሬውን ናሙና ማን ወሰደ?» አሉ። ወይዘሮ ፈትሂያ «እኔ ወስጃለሁ ቲቸር። ከቱቦው ሥር፣ በቀትር» አለቻቸው። ፈገግ ብለው እጇን ያዙ። አቶ ዘይኑልአቢዲን ደግሞ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጥተው አልጋው አጠገብ ለረጅም ሰዓት ዱዓ አድርገውላቸዋል።

ወይዘሮ ገበያነሽ አግማስ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከበዋቸው፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው በደሴ መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ ኅዳር 20 ቀን በትውልድ ስፍራቸው በኩታበር፣ ከእህታቸው ከዓለምነሽ አጠገብ ያርፋሉ። መቃብሩን ከሌሊት ጀምሮ የቆፈሩት የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቅሬ አባላት በአንድነት ናቸው።

ወይዘሮ ገበያነሽ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ወንድምአገኘሁ፣ ልጆቻቸው ወንጌላዊትና ምንተስኖት፣ የልጅ ልጃቸው ለይላ፣ ሦስት ወንድምና እህቶቻቸው፣ እንዲሁም ያስተማሯቸው ሁሉ በኀዘን ላይ ናቸው። ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ኀዘናችንን ለተካፈላችሁ፣ ላስተዛዘናችሁን፣ በጸሎትም በዱዓም ላልተለያችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል፤ ፈጣሪ ብድራችሁን በደስታ ቀን ይመልስልን።

ይህን የጻፍኩት የመጨረሻ ታናሽ ወንድማቸው ሞላልኝ አግማስ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «አንቺ» ስላት የኖርኩትን እህቴን «እሳቸው» ያልኳት በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ለእህቴ የሚገባውን ክብር በሕይወት ሳለች አለመስጠቴ ዛሬ ቆጭቶኛል። እሷ ብትሰማኝ ግን እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መጨረሻውን እንደ ልማዴ ልበለው።

እትዬ፣ የሰማይና የምድር ጌታ ድካምሽን ሁሉ ይቁጠርልሽ። ነፍስሽን ጥማት በሌለበት፣ ጥሩ ውኃ በሚፈስስበት በመንግሥቱ ያሳርፋት። አሜን።